ያላሰቡት የማን ነው?

ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼ ከሁሉ አቅልለው የሚያዩት ማነጻጸሪያውን ነው። አንድን ጂን ዝም ለማሰኘት 21 ፊደል ገደማ ያለው አጭር አርኤንኤ ሕዋስ ውስጥ ይገባል። ለሌላው ሕዋስ ደግሞ ፊደሉ የተበወዘ፣ የትኛውንም ጂን እንዳይነካ ታስቦ የተሠራ አርኤንኤ ይሰጣል። «እሱማ ባዶ ነው» ይሉኛል።

የት ባዶ ሆኖ! ከ2ኛው እስከ 8ኛው ያሉት ፊደሎች ብቻ ከአንድ መልእክተኛ አርኤንኤ ጋር ከገጠሙ ማንም ያላሰበው ጂን ሊዳከም ይችላል። ፊደሉን ከነጭራሹ ሳይለይ የሚነሣ ተቀባይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት፣ በአይጥ ዓይን ውስጥ የደም ሥር እንዳይበቅል የተሠራው አርኤንኤም፣ ምንም እንዳያደርግ የተሠራው ማነጻጸሪያም የደም ሥሩን ገቱት። ቲኤልአር3 የተባለው፣ ቫይረስን ለይቶ የሚያውቅ ተቀባይ ሁለቱንም እንደ አንድ ቆጥሯቸው ነው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው መድኃኒት በሰው ዓይን ላይ እየተሞከረ ነበር።

«መምህር፣ አስበው ካላደረጉት ምን ያስጠይቃል? እግዚአብሔር የሚያየው ልብን አይደል?» አለችኝ አንዲት የደባርቅ ልጅ።

«ልብንስ ያያል፤ ሕዋሱ ግን ልብሽን አያይም» አልኳት።

አባቴ የመጻሕፍት መምህር ስለነበሩ ኦሪት ዘኍልቍ 35ን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከስድስቱ የመማፀኛ ከተሞች ወደ አንዷ ይሸሻል። አይገደልም፤ ቤቱም አይመለስም። ጎንደርም እጨጌ ቤትን የመሰለ መማፀኛ ሰፈር ነበራት። «አላሰብኩትም» የሚለው ቃል ከሞት ያድናል እንጂ የሆነውን እንዳልሆነ አያደርገውም፤ እኔ ኦሪትን የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ደህና ተመራማሪም ንጹሕ ነኝ ብሎ አይቀመጥም። ፊደላቸው የተለያየ ብዙ ማነጻጸሪያዎችን ይጨምራል፣ ምንም ያልተሰጠውን ሕዋስ አብሮ ያያል፣ መጠኑን ይቀንሳል፣ አርኤንኤው ሊይዘው በማይችል መልክ ጂኑን መልሶ ያስገባል።

የመማፀኛው ስደት ግን ሊቀ ካህናቱ ሲሞት ያበቃል። በቤተ ሙከራ እንዲህ ያለ ቀን የለም፤ በአንድ የተበወዘ አርኤንኤ ላይ ብቻ ተደግፈው የታተሙ ውጤቶች ዛሬም ይጠቀሳሉ።