ቀሚሱ አልቋል፣ ደረሰኙ በፌስታል ነው

አንዲት እህት በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንዲት ረዳት። ወሩ ሐምሌ ነው። ከመደርደሪያው ሥር በጥቁር ፌስታል የታጨቀ የዓመቱ ደረሰኝ አለ፤ የጨርቅ፣ የክር፣ የቤት ኪራይ፣ የመብራት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ተዘግቷል። ግብሯን ማሳወቅ አለባት፤ ንግድ ፈቃዷንም ማሳደስ አለባት። ፈቃዱ ደግሞ ግብር ስለመከፈሉ ማስረጃ ሳይያዝ አይታደስም። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ረዳቷ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቀመጣለች፤ እጇ ግን ወደ ፌስታሉ አይሄድም። ከሽሮ ሜዳ የገዛችውን ጥለት ያለው ጨርቅ ዘርግታ፣ በሳሙና ቁራጭ ምልክት አድርጋ፣ ለራሷ ቀሚስ ትቆርጣለች። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ገና እጅጌውን እየገጠመች ነው።

እሑድ ለብሳው ስትመጣ ሁላችንም “እንዴት ያምራል!” እንላለን። ደግሞም ያምራል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ይህች እህት ምን አጠፋች? ያጠፋችው ነገር አለ ብላችሁ ካሰባችሁ ማለቴ ነው።

ብዙዎቻችሁ “ስንፍና ነዋ!” የምትሉ ይመስለኛል። ለሰነፍ የምንሰብከው ስብከት ዝግጁ ነው፤ ወደ ጉንዳን ሂድና ተማር እንላለን። ነገር ግን ይህች ልጅ ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ልብስ ስትሰፋ ውላ ሌሊቱንም ደግማለች። እኔ እንጃ፣ ጉንዳንም በዚያ ሰዓት ተኝታ ይሆናል። ስለዚህ የጉንዳኗ ስብከት እሷን አያገኛትም። ሰምታው “አሜን” ብላ ወደ መቀሷ ትመለሳለች፤ ምክንያቱም እውነትም ሰነፍ አይደለችም።

በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው መነኩሴ ዮሐንስ ካሲያን ነገሩን ቀረብ ብሎ አይቶታል። ስለ መታከት ሲጽፍ በአልጋው ላይ የተጋደመ ሰው ብቻ አላሳየንም። በክፍሉ መቀመጥ የሰለቸው መነኩሴ ድንገት ሩቅ ያለ ሕመምተኛ መጠየቅ፣ ወንድሞችን ሄዶ መሳለም ትዝ ይለዋል። ሕመምተኛ መጠየቅ መልካም ነው። ነገር ግን ያ መልካም ሥራ የታሰበው ለሕመምተኛው ሲባል አልነበረም፤ ከክፍሉ ለመውጣት ነበር። ሽሽት ሁልጊዜ በመጥፎ ነገር በኩል አይደረግም። በመልካም ነገር በኩል ሲደረግ ደግሞ ማንም አይነቅፍህም፤ እንዲያውም ትመሰገንበታለህ።

በዘመናችንም ጆን ፔሪ የተባለ አሜሪካዊ የፍልስፍና መምህር እ.ኤ.አ. በ1996 ስለዚሁ ጉዳይ ቀልድ አዘል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ዛሬ ነገ የሚል ሰው ሥራ ፈት አይደለም፤ ዋናውን ላለመሥራት ሲል ሌላ ጠቃሚ ነገር ይሠራል፤ እንግዲያው ይህን ጠባይ እንጠቀምበት የሚል ነው። ብልሃቱ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ እሱም አልደበቀውም። ከላይ የተቀመጠው ሥራ ቀኑ የተቆረጠ፣ እጅግም አስፈላጊ መምሰል አለበት እንጂ በእርግጥ እንደዚያ መሆን የለበትም። የእህታችን ፌስታል ግን ቀኑም የምር ነው፣ ቅጣቱም የምር ነው። ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እየቆጠረ ይሄዳል።

ወደ ቀሚሱ ልመለስ፤ ለእርሱ ጥብቅና መቆም እፈልጋለሁና። “ለራሷ መስፋቷ ነው ጥፋቱ” የሚል ካለ ምሳሌ 31ን ደግሞ ያንብብ። ያቺ ብርቱ ሴት ለገበያ የምትሠራው የበፍታ ልብስ በቁጥር 24 ላይ ይመጣል፤ ለራሷ የሠራችው ግን አስቀድሞ በቁጥር 22 ላይ ተጽፏል፤ እሱም በፍታና ሐምራዊ ነው፣ ርካሽ ጨርቅ አይደለም። ሐና ለልጇ ለሳሙኤል በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ትሠራ ነበር። ጣቢታ በኢዮጴ ለመበለቶች ሰፍታለች። እጅ የሠራውን መልበስ ደስታ ነው፤ ለሰው ሲሰፋ የዋለ እጅ ደግሞ አንዳንዴ ለራሱ ቢሰፋ ይገባዋል።

በዚያው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ የምናልፈው ቁጥር 18 አለ። ይህች ሴት ንግዷ ትርፍ እንዳለው ታውቃለች፤ መብራቷም በሌሊት አይጠፋም። ሁለቱ ነገር በአንድ ቁጥር ውስጥ ነው። ትርፉን እንዴት አወቀችው? ሕልም አይታ አይመስለኝም። ገቢና ወጪውን ሳይቆጥር ይህን የሚያውቅ ነጋዴ የለም። የእህታችንም መብራት እስከ ሌሊት ይበራል፤ ዓመቱን ሙሉ አትርፋ ይሁን ከስራ ግን አታውቅም።

እንግዲህ የሚያስፈራው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጨርቅን አንቺ ትለኪዋለሽ፤ ወረቀት ግን አንቺን ይለካሻል። ቀሚስ ሲቆረጥ፣ ሲገጠም፣ ሲዘመዘም ዓይንሽ እያየ ያልቃል፤ ቢበላሽ ተርትረሽ ትደግሚዋለሽ። ደረሰኙ ተደምሮ የሚወጣው ቁጥር ግን አይተረተርም። “ይህን ያህል ሠርተሽ ይህን ያህል ብቻ ቀረሽ” ሊል ይችላል። ወይም ለዘመድ እየተባለ በነጻ የተሰፋው ሁሉ ስንት እንደሆነ ያሳያል። የምትሸሸው ድካሙን አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትደክም አይተናታል። የምትሸሸው ስለ ራሷ የሚነገራትን እውነት ነው። እውነትን መሸሽ ደግሞ በክርስትና ቀላል ነገር አይደለም።

በእርግጥ ሌላም ምክንያት አለ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሲስተም የለም ተብሎ መመለስ አለ፤ የማይገባ ግምት ተጥሎብኝ ይሆን የሚል ስጋትም አለ። ይህን ሁሉ “እምነት የለሽም” ብሎ የሚያልፍ ሰው ወረዳ ሄዶ የማያውቅ ነው።

ግን እኛም በቤተ ክርስቲያን ይህን ሽሽት ሳናግዘው አልቀረንም። ሥራን መንፈሳዊና ዓለማዊ ብለን ከከፈልን በኋላ ወረቀትን ከሁሉ በታች አስቀምጠነዋል። ለባስልኤል የእጅ ጥበብ እንዲኖረው የእግዚአብሔር መንፈስ እንደተሞላ በዘጸአት 31 ላይ እናነባለን፤ ደስ ብሎንም ለሰፊዎቻችን፣ ለሠዓሊዎቻችን እንሰብከዋለን። ከዚያ ምዕራፍ 38 ላይ ስንደርስ እንዘላለን፤ እዚያ ያለው ሂሳብ ነዋ! ለድንኳኑ የዋለው ወርቅ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል፣ ብሩ 100 መክሊት ከ1,775 ሰቅል፤ የቆጠሩት ሌዋውያን፣ ኃላፊው የካህኑ የአሮን ልጅ ኢታምር። ባስልኤል የሠራው ሥራና የወርቁ ቆጠራ በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሕዝቡ አውጥቶ የሰጠው ወርቅ ነበርና የት እንደገባ ሊታወቅ ይገባ ነበር። (የመዘምራን ልብስ ለማሰፋት መዋጮ ሰብስበው፣ ልብሱን በሦስት ሳምንት ለብሰው፣ የሂሳብ ሪፖርቱን በሦስት ዓመት ያላቀረቡ ኅብረቶች ይህን አንቀጽ ሁለቴ ያንብቡት።)

ኤርምያስስ? ኢየሩሳሌም ተከብባለች፣ እሱ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል፤ እዚያ ሆኖ የአናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ፤ ውሉን ፈረመ፣ አተመ፣ ምስክር አቆመ፣ በሸክላ ዕቃ እንዲቀመጥም ለባሮክ ሰጠ። ከተማዪቱ ልትወድቅ ነው፣ ነቢዩ ደግሞ የርስት ውል እያስተካከለ ነው። ተስፋውን የገለጠው በዚያ ወረቀት ነበር፤ በዚህ ምድር ገና እርሻ ይገዛል ብሎ ስላመነ።

ስለዚህ “ወረቀቱ የእኔ ጉዳይ ብቻ ነው” ማለት አይቻልም። የእህታችን ስፌት ቤት ቢታሸግ መጀመሪያ የምትጎዳው ማን ናት? በወሩ መጨረሻ ደመወዟን የምትጠብቀው ረዳቷ። መኪናው በብድር የተገዛ እንደሆነ ደግሞ ዋስ የሆነላት ሰው አለ። ለሰርግ ጨርቅ አስረክባ ቀን የምትቆጥር ሙሽራም ትኖራለች። እነዚህ ሰዎች በዚያ ሌሊት በክፍሉ ውስጥ የሉም፤ ፌስታሉ ውስጥ ግን አሉ። ባልንጀራችሁን ውደዱ የሚለውን ትእዛዝ ሁላችሁም በቃል ታውቁታላችሁ። አንዳንድ ጊዜ ባልንጀራ የሚወደደው ደረሰኝ በወር በወር ለይቶ በማስቀመጥ ነው፤ መዝሙር አይወጣለትም እንጂ።

“ታዲያ ማረፍ አይቻልም?” ትሉኛላችሁ። ይቻላል። ዕረፍትና ሽሽት ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ቀሚሱም አንድ ነው። የምትለዩት ግን አንድ ሰው “ፈቃዱ ምን ደረሰ?” ብሎ ሲጠይቃችሁ በሚሰማችሁ ነገር ነው። ያረፈ ሰው “ማክሰኞ እሄዳለሁ” ይላል። የሸሸ ሰው ይቆጣል፣ ወይም “ጌታ ያውቃል” ብሎ ወሬ ይቀይራል። ጌታ ማወቁንማ ያውቃል፤ ያላወቀችው እሷ ናት።

ለብቻ ሆኖ ፌስታል መክፈት ከባድ ነው። እስቲ በወጣት ኅብረታችሁ ውስጥ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። አካውንቲንግ የሚማር ወንድም አይጠፋም፤ ምናልባትም ሱሪው ረዝሞበት በቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠቅልሏል። ቅዳሜ ከሰዓት ስፌት ቤቱ መጥቶ ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ያፍስሰው፤ የጨርቁን ከኪራዩ፣ የሰኔውን ከግንቦቱ ይለይላት። እሷም ከጎኑ ተቀምጣ የጎደለውን ትንገረው፤ እግረ መንገዷንም ሱሪውን ታሳጥርለት።