የማን አጥንት ነው?

መንጋጋዬ ውስጥ የተሞላው አጥንት ከሞተ ሰው የተለገሰ ነው። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ከወለቀ በኋላ አጥንቱ ይሳሳል። ኢምፕላንት (ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) የሚይዝበት ቦታ እንዲገኝ ሐኪሙ ከአጥንቱ በላይ ያለውን የሳይነስ (የአየር ክፍተት) ሽፋን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ከሥሩ የአጥንት ፍርፋሪ ይሞላል። ሽፋኑ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ መቀደዱ የተለመደ ነው። የእኔም ተቀደደ፤ ጠገኑት። አትናፈጥ፣ ስታስነጥስ አፍህን ክፈት፣ በስትሮ አትጠጣ አሉኝ፤ ሁሉንም ጠበቅሁ። ያም ሆኖ ጉንጬ አበጠ፣ አፍንጫዬ ውስጥ መግል መግል ሸተተኝ። እንደገና ከፍተው የተበከለውን ፍርፋሪ ጠርገው አወጡ፤ በጨው ውሃ አጥበው አንቲባዮቲክ አዘዙልኝ። ሌላ ለመሙላት ወራት መጠበቅ አለብኝ።

እናቴ ከደሴ ደውላ «ልጄ፣ ገላህ ነው እምቢ ያለው። የሬሳ አጥንት አፍ ውስጥ ይገባል እንዴ?» አለችኝ። በሕክምናው በኩል ትክክል አይደለችም፤ የተለገሰ አጥንት ሕዋሳቱ ተጠርገው ስለሚዘጋጅ ሰውነት እምብዛም አይቃወመውም። የጎዳኝ ባክቴሪያ ነው። ጥያቄዋን ግን መድኃኒቱ አላሻረልኝም።

የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው ሥራው 22ኛ መጽሐፍ ላይ ይህን የመሰለ ነገር ያነሣል፤ በረሃብ ዘመን ሰው የሰው ሥጋ ቢበላ፣ በትንሣኤ ቀን ያ ሥጋ የማን ይሆናል? የመጀመሪያው ባለቤት ነው ይላል፤ የበላው እንደ ተበዳሪ ይመልሳል። መልሱ ደስ ይለኛል፣ ለእኔ ግን አይበቃም። የተለገሰ አጥንት ቀስ በቀስ እየሟሟ በራስ አጥንት ይተካል፤ የምመልሰው ቅንጣት ላይገኝ ይችላል። ከመግል ጋር የተጣለውስ? ለእሱም ባለዕዳ ነኝ ባይ ነኝ፤ ሰውዬው ሲሰጥ እንዲሳካልኝ ዋስ አልሆነም።

ለነፍሱ ጸሎት እንዲደረግ ፈለግሁ። ጸሎቱ የክርስትና ስም ይፈልጋል፤ በሕክምና መዝገቤ ላይ የተለጠፈው ግን ቁጥር ብቻ ነው። የንስሐ አባቴ «ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉኝ። አላረፍሁም፤ ሟቹ ሙስሊም ቢሆንስ? ሃይማኖት የለሽ ቢሆንና የእኔን ጸሎት ባይሻስ?

ሐኪሙ ለሁለተኛው ሙሌት አማራጭ ሰጠኝ፤ የሰው፣ የበሬ ወይም ሰው ሠራሽ። የበሬው ይቀላል፣ ለበሬ ፍትሐት የለም። እኔ የሰውን መረጥሁ፤ ዕዳዬን የማውቀው እዚያ ነው። እናቴ አሁንም የበሬውን አድርግ ትለኛለች፤ ቀጠሮው ዐቢይ ጾም ላይ መዋሉን ስነግራት ግን እሱንም ተጠራጠረች።