ቅርጸቱ የተለወጠ ምስል ያው ምስል ነውን?

አንድ ነገር ተለውጦም «ያው ራሱ ነው» የሚባለው ምኑ ሲጸናለት ነው የሚለው፣ ከፍልስፍና ጥንታዊ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ፣ ያረጁ ሳንቃዎቿ በአዲስ እየተተኩ የኖረችው የቴሴዎስ መርከብ ያችው መርከብ ናት ወይስ ሌላ በሚለው ላይ ፈላስፎች ይከራከሩ እንደነበር ጽፏል፤ ከእርሱ አስቀድሞም አርስቶትል፣ ግዙፍ ነገር ሁሉ የቁስና የቅርጽ ውሕደት መሆኑን በማስተማር መልሱ የሚፈለግበትን መንገድ አመልክቶ ነበር። ይህ ጥያቄ በዘመናችን ከመማሪያ አዳራሽ ወጥቶ፣ ዲጂታል ምስሎችን ከአንድ ቅርጸት ወደ ሌላ በሚለውጡ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውስጥ በየዕለቱ የሚወሰን ጉዳይ ሆኗል።

ከእነዚህ ፕሮግራሞች በስፋት የታወቀው ኢሜጅማጂክ ነው። የሚሠራውም በትእዛዝ መስመር ነው፤ ይኸውም ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ ያሉ ምልክቶችን ከመጫን ይልቅ፣ የሚፈልገውን ሥራ በጽሑፍ አስፍሮ ኮምፒውተሩን የሚያዝበት ስልት ነው። የፕሮግራሙ ደራሲ ጆን ክሪስቲ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987፣ ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ የኬሚካል ኩባንያ ተቀጥሮ ሳለ ነበር። የቀረበለት ችግር፣ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለማትን መያዝ የሚችሉ ምስሎችን 256 ቀለማት ብቻ በሚያሳይ ስክሪን ላይ እንዴት ማሳየት ይቻላል የሚል ነበር። ለዚህም በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ፖል ሬቭሊንግ፣ ቀለም የሚቀንስ ፕሮግራሙን ከነምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ሰው ሊያነበውና ሊያሻሽለው ከሚችለው የፕሮግራሙ ጽሑፍ ጋር፣ ያለ ዋጋ አካፍሎ ስለነበር መነሻ ሆነለት። ክሪስቲም በተራው ኩባንያው ፈቅዶለት ሥራውን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1990 ለሁሉም በነጻ አሰራጨው።

የዚህ ፕሮግራም የመጀመሪያ ተግባር ራሱ ፍልስፍናዊ ፍርድ ያዘለ ነው። ከሚሊዮኖች ቀለማት 256ቱን ለመምረጥ፣ ከምስሉ ውስጥ ዋናው የትኛው፣ ቢቀርም የማይጎዳው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ግድ ይላል፤ በሌላ አነጋገር አርስቶታላውያን የነገሩ ባሕርይና በነገሩ ላይ የደረሰ አጋጣሚ ብለው የለዩት ልዩነት፣ እዚህ ላይ በሒሳብ ቀመር ይፈጸማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልወጣ፣ ለዋጩ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ስለ ምስሉ ምንነት የተሰጠ ብያኔ ነው።

«ያው ምስል» የሚለው አነጋገር ቢያንስ ሦስት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው የፋይሉ አንድነት ነው፤ ይህም በዲስክ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች አንዳቸውም ሳይለወጡ መገኘታቸው ነው። ሁለተኛው የፒክስሎች አንድነት ሲሆን፣ ፒክስል ማለት ምስሉ የተሠራበት እያንዳንዱ የቀለም ነጥብ ነው። ሦስተኛው የእይታ አንድነት ነው፤ ይህም ተመልካቹ ልዩነት አለማየቱ ነው። አንድ ምስል ቲፍ ከተባለው ቅርጸት ፒኤንጂ ወደተባለው ቢለወጥ፣ ፋይሉ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ ነገር ግን የቀለሙ ጥልቀት እስካልተነካ ድረስ፣ በኢሜጅማጂክ ውስጥ ያለው አይደንቲፋይ የተባለው ትእዛዝ፣ ከፒክስሎቹ ብቻ አስልቶ የሚያወጣው 64 ሆሄያትና አኃዞች ያሉት መለያ ፊርማ በሁለቱም ዘንድ አንድ ሆኖ ይገኛል። ያው ምስል ወደ ጄፔግ ቅርጸት ሲለወጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጄፔግ ምስሉን በርዝመትም በወርድም ስምንት ስምንት ፒክስል ወዳላቸው ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፍሎ፣ ዓይን በቀላሉ የማይለየውን ረቂቅ ዝርዝር እየቀነሰ ስለሚያምቅ፣ ፊርማው ይለወጣል፤ ኮምፔር የተባለው ትእዛዝም ከመነሻው የተለዩ ፒክስሎችን ቢቆጥር ብዛታቸው እጅግ ከፍ ሊል ይችላል፤ ተመልካቹ ግን ሁለቱን አስተያይቶ አንድ ናቸው ይላል። እንግዲህ በአንደኛው መለኪያ የተለየው በሌላው ያው ነው፤ ከሦስቱ የትኛው ፈራጅ እንደሚሆን ማሽኑ ራሱ አይወስንም፤ የሚወስነው ምስሉ የሚፈለግበት ዓላማ ነው።

የዓላማ ዳኝነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ወደ 9,000 ገደማ የሚሆኑ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል፤ ቅጂዎቻቸውም በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይገኛሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓለም ያበረከቷቸው ዝርዝር መዛግብት በእነዚህ ፊልሞች ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ለንባብና ለምርምር ፊልሙ በእርግጥ መጽሐፉን ተክቶ አገልግሏል። ሆኖም ፊልሙ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነበር፤ በግእዝ መጻሕፍት ደግሞ ጸሐፊው የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ ይህ ቀይነት በፊልሙ ላይ አይታይም። በኮምፒውተርም ቢሆን ያው ነው፤ ኢሜጅማጂክ ባለቀለም ምስልን ወደ ግራጫ ሲለውጥ እንደ ልማዱ ለአረንጓዴ 72፣ ለቀይ 21፣ ለሰማያዊ 7 በመቶ ያህል ድርሻ ስለሚሰጥ፣ ደማቁ ቀይ ጠቆር ያለ ግራጫ ይሆናል፤ ከዚያም ምስሉ በጥቁርና በነጭ ብቻ እንዲቀር ቢታዘዝ ቀዩ ስም ከጥቁሩ ጽሑፍ መካከል ተለይቶ አይታወቅም። አንድም ፊደል አልጠፋም፤ የጠፋው የጸሐፊው አክብሮት ነው። ቃሉን ለሚያነብ ያው የሆነው ገጽ፣ ስሙን ለሚያከብር ያው አይደለም።

ይህ ነገር ሥዕልና ባለሥዕሉ፣ ማለትም በሥዕሉ የሚታየው አካል፣ ምን ግንኙነት አላቸው ከሚለው የነገረ መለኮት ጥያቄ ጋር ይገናኛል። በቢዛንታይን የሥዕል ክርክር ዘመን ቴዎድሮስ ዘስቱዲዮን፣ ሥዕል ከባለቤቱ ጋር በባሕርይ የተለየ፣ በመልክ ግን አንድ ነው ሲል አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ787 የተደረገው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤም የሥዕልን ክብር አጽንቷል፤ ምንም እንኳ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበላቸው ጉባኤያት ሦስቱ ቀደምት ብቻ ቢሆኑ፣ የሥዕል ክብር በእርሷም ዘንድ ጽኑ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ለእመቤታችን ሥዕል መስገድ ይገባል አይገባም በሚለው ላይ ደቂቀ እስጢፋኖስ ከተባሉት መነኮሳት ጋር የተነሣው ብርቱ ግጭት፣ ጥያቄው በዚህ አገር ሕይወት እስከማስከፈል የደረሰ እንደነበር ይመሰክራል። ከቴዎድሮስ ትምህርት ለተያዘው ጉዳይ የሚገኘው ቁም ነገር፣ የሥዕል ማንነት በተሠራበት ቁስ ሳይሆን ወደ ባለቤቱ በሚያደርሰው ግንኙነት መሆኑ ነው። እንጨቱ፣ ብራናው ወይም ፋይሉ ቢለወጥ ግንኙነቱ ሊጸና ይችላል፤ ቁሱ ሳይነካ ግንኙነቱ የሚቋረጥበት ጊዜም አለ።

ከዚህ የሚከተለው፣ ልወጣ የኅሊና ሥራ መሆኑ ነው። በኢሜጅማጂክ ውስጥ ሞግሪፋይ የተባለ ትእዛዝ አለ፤ የተለየ መድረሻ ካልተነገረው በስተቀር፣ ውጤቱን በመነሻው ፋይል ላይ ይጽፋል፤ በአንድ መስመር ትእዛዝ በአንድ ማኅደር ያሉ ምስሎችን ሁሉ ሊለውጥ ይችላል፤ የተደመሰሰውንም አይመልስም። ማሽኑ የታዘዘውን ስለፈጸመ አይወቀስም፤ ኃላፊነቱ ያዘዘው ሰው ነው። በዚህ ረገድ የፕሮግራሙ ነጻነት ከዋጋ ማጣት በላይ ትርጉም አለው። ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ ቀዩ ቀለም በምን ቀመር ወደ ግራጫ እንደተለወጠ ማንም ሊመረምር፣ ስህተት ቢያገኝ ሊያርም ይችላል። በተዘጋ ፕሮግራም የተለወጠ ምስል ግን ብያኔው ሲታይ ምክንያቱ አይታይም፤ ምክንያቱ የማይታይ ዳኝነት ደግሞ ትክክል ቢሆን እንኳ አመኔታው ጎደሎ ነው።

ስለዚህ ለቀረበው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ ቅርጸቱ የተለወጠ ምስል ያው ምስል የሚሆነው የተቀረጸበትን ዓላማ እስካላጎደለ ድረስ ነው፤ የነገው ዓላማ ደግሞ ዛሬ ለሚለውጠው ሰው አይታወቅም የሚል ነው። በዚህም ምክንያት የገዳማትና የአድባራት ንዋያተ ቅድሳትን፣ የቤተ መዛግብት ሰነዶችንና የቤተሰብ ፎቶግራፎችን ወደ ዲጂታል የሚያስገቡ ሁሉ፣ መነሻውን ፋይል ከነሙሉ ቀለሙ ሳይነካ እንዲያስቀምጡ፣ ልወጣውን በቅጂ ላይ ብቻ እንዲያደርጉ፣ የተጠቀሙበትንም ትእዛዝ ከምስሉ ጋር ጽፈው እንዲያቆዩ ይገባል። ይህን ማድረግ ከጥቂት የዲስክ ቦታ በቀር ምንም አያስወጣም፤ አለማድረጉ ግን መጪው ትውልድ ሊጠይቅ የሚችለውን ጥያቄ አስቀድሞ መዝጋት ነው።