ቅኝት የማን ነው?

ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ናቸው፤ የቅኝትም ስሞች ናቸው። ሙላቱ አስታጥቄ ያገራችንን ቅኝቶች በቫይብራፎንና በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አዋሕዶ ተጫወተ። በ1997 ዓ.ም. የቀድሞ ሥራዎቹ ጂም ጃርሙሽ ባዘጋጀው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ገብተው ብዙ የውጭ አገር ሰው ሰማቸው። ታዲያ ይህ ቅርስን መበረዝ ነውን?

እኛ የመካነ ሰላም ልጆች አይደለም እንላለን። አዝማሪውስ ቢሆን የወረሰውን መች እንዳለ አስቀመጠው? በየሰርጉ የራሱን ይጨምርበታል። መቀላቀል ነውር የለውም፤ ነውሩ ሰጪውን መርሳት ነው። የፊልም ተመልካች አምባሰል አገር መሆኑን ባያውቅ አይፈረድበትም። ግዴታው የኛ ነው። የሙላቱ ስም በሸክላው ላይ ታትሟል፤ በቦረና ሰርግ ማሲንቆ የሚመታው ሰውዬስ? ስሙን እንጠይቀው፤ ዜማውን ከማን እንደተማረም እንጻፍ።