በደሉ የማን ነው? ስለ ፍየል፣ ስለ ቁጥቋጦና ስለ ፍርድ

ምርጫ የሌለው ፍጡር በደለኛ ሊባል ይችላልን? ይህ ጥያቄ በቅዱሳት መጻሕፍት ዓለም ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ከፍየል ጋር ተቆራኝቶ ይገኛል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 በተደነገገው የማስተስረያ ሥርዓት ከሁለት ፍየሎች አንዱ ለእግዚአብሔር ሲሠዋ፣ ሌላው የሕዝቡ ኃጢአት በራሱ ላይ ተናዝዞበት ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ደግሞ በመጨረሻው ፍርድ በግራ የሚቆሙት በፍየሎች ተመስለዋል። ምሳሌው የሚናገረው ስለ ሰው ቢሆንም፣ ፍየል ግን በአማኞች ልቡና ውስጥ የግራውን ቦታ እንደያዘች ቀርታለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ይኸው ክስ መልኩን ቀይሮ በመንግሥት ሕግ ውስጥ ብቅ አለ።

በ1950 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ፓርላማ ዕፅዋትን ከፍየል ጉዳት ለመጠበቅ ያወጣውና በተለምዶ «የጥቁር ፍየል ሕግ» እየተባለ የሚጠራው ድንጋጌ፣ ከባለቤቱ ይዞታ ውጭ ፍየል ማሰማራትን የሚከለክል ሲሆን፣ ሸክሙም ይበልጡን ያረፈው ኑሯቸው በመንጋቸው ላይ በተመሠረተው በቤዱዊንና በሌሎች ዓረብ እረኞች ላይ ነበር። መንጋው ሲመናመን በቀርሜሎስ ተራራና በገሊላ ኮረብቶች ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ እያለ ሄደ። በታኅሣሥ 2010 በቀርሜሎስ የተነሣው እሳት የ44 ሰዎችን ሕይወት አጠፋ፤ ለመነሣቱ የሰው ቸልተኝነት፣ ለመስፋፋቱም ድርቁና ነፋሱ ምክንያት ቢሆኑም፣ ሳይበላ የተከማቸው ቅጠልና ጭራሮ ለእሳቱ ማገዶ እንደሚሆን ግን ብዙዎች ተገነዘቡ። ሕጉ በ2018 ሲሻር ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር። በጥፋት የተከሰሰችው ፍየል እንግዲህ በጠባቂነት ተፈለገች ማለት ነው።

ይህ መገለባበጥ የሚገባው የፍየሏን አመጋገብ ቀረብ ብሎ ለሚመረምር ነው። በሜዲትራንያን ዳርቻ ዝናብ የሚጥለው በክረምቱ ወራት ስለሆነ፣ አንድ ዓመት ብቻ የሚኖሩት ሣሮች የጸደዩ ወራት ሳያልቁ ይደርቃሉ፤ በረጅሙ የበጋ ድርቅ ለምለም መኖ ሆነው የሚቆዩት ቅጠላቸውን የማያረግፉ ቁጥቋጦዎች ናቸው። ላምና በግ በዋናነት ሣር ሲግጡ፣ ፍየል በቀላሉ በሚንቀሳቀሰው የላይኛው ከንፈሯ ከእሾህ መካከል ቅጠል ትቀነጥባለች፣ በኋላ እግሮቿም ቆማ ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ ትደርስበታለች። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለው የአገራችን አባባል ባሕርይዋን በትክክል ይገልጸዋል። ዕፅዋቱም በበኩላቸው ራሳቸውን ይከላከላሉ፤ ፒስታሺያ የተባለው ቁጥቋጦ በቅጠሉ ውስጥ የሚይዘው ታኒን፣ ማለትም ከፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ መፈጨትን የሚያውክ ንጥረ ነገር፣ መኖው ለምለም ሆኖ ሳለ ለእንስሳው የሚሰጠውን ጥቅም ይቀንሰዋል። ፍየል ይህን ከበግ በተሻለ ትቋቋማለች፤ ነገር ግን እሷም ብትሆን ልክ አላት፤ ስለዚህ ከአንዱ ተክል ጥቂት፣ ከሌላው ጥቂት እያቀያየረች ትበላለች። ደጋግማ የቀነጠበችው የባሉጥ ችግኝ ለብዙ ዓመታት መሬት ላይ እንደተነጠፈ ትራስ ጥቅጥቅ ብሎ ይቆይና፣ ጎኑ ሰፍቶ መካከለኛው ቀንበጥ አፏ ከማይደርስበት ሲሆን ሽቅብ አድጎ ዛፍ ይሆናል። መንጋው ሲበዛ ግን ይህ ዕድል ይዘጋል፤ የሚበሉት ተክሎች እየጠፉ እሾሃማውና የማይጣፍጠው ቦታቸውን ይወርሳል። መንጋው ፈጽሞ ሲጠፋ ደግሞ የቁጥቋጦው ጥላ ብርሃን ፈላጊ የሆኑትን የዱር አበቦች ያፍናል።

ስለዚህ አንዲቱ ንክሻ እንደ ቁጥሩ፣ እንደ ወቅቱና እንደ ስፍራው ጥፋትም ልማትም ትሆናለች። ይህን ጥንታዊው የአይሁድ ሕግ የተረዳው ይመስላል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተደራጀው ሚሽና የተባለው የቃል ሕግ ስብስብ፣ በግንና ፍየልን በእስራኤል ምድር ማርባትን ሲከለክል፣ በሶርያና በዚያችው ምድር ምድረ በዳዎች ግን ይፈቅዳል፤ ተንታኞችም ክልከላውን በሰው አዝመራ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ጋር ያያይዙታል። እዚህ ላይ የተፈረደው በቦታ ላይ ነው፣ እንስሳዋም በባሕርይዋ አልተኮነነችም። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን የሚከቡት የድንጋይ አጥሮችም በዚሁ መንፈስ ሊታዩ ይችላሉ፤ ከብትና ፍየል ችግኝ እንዳያጠፉ ከደኑ ውጭ ያስቀራሉ፣ ከአጥሩ ማዶ ላለው የገበሬ ኑሮ ግን ጠላት አያደርጓቸውም።

ከባዱ ፈተና ያለው ግን እረኛም አጥርም በሌለበት ነው። በጋላፓጎስ ደሴቶች፣ በፒንታ፣ ዓሣ አጥማጆች በ1959 የለቀቋቸው ጥቂት ፍየሎች በፍጥነት ተራብተው፣ እንዲህ ያለ በላተኛ አይቶ የማያውቀውን ዕፅዋት አራቆቱት፤ አስቀድሞ በመርከበኞች የተመናመነው የደሴቲቱ ግዙፍ ኤሊ ዝርያም የመጨረሻ ወኪሉ «ሎንሰም ጆርጅ» በ2012 ሲሞት አበቃ። ከ1997 እስከ 2006 በተካሄደው የኢሳቤላ ፕሮጀክት በደሴቶቹ ላይ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ፍየሎች ተገደሉ። የተደበቁትን ለማግኘት የሬዲዮ መሣሪያ አንገታቸው ላይ የታሰረላቸው ፍየሎች ይለቀቁ ነበር፤ ወገኖቻቸውን ፈልገው ሲቀላቀሉ አዳኞቹ ይከተሏቸዋል። እነዚህንም «የይሁዳ ፍየሎች» አሏቸው። ግድያው ለኤሊዎቹና ለዕፅዋቱ ሲባል አስፈላጊ ነበር ብሎ መሟገት ይቻላል፤ ዕፅዋቱም ከዚያ በኋላ አገግሟል። ነገር ግን ከመንጋዋ መለየት የማትወድ እንስሳ የከሃዲ ስም ሲሰጣት፣ ሰው የገዛ እጁን ሥራ ዳግመኛ በፍየል ራስ ላይ ይናዘዛል። ይሁዳ አውቆ ሸጠ፤ ፍየሏ ምንም አታውቅም። አስፈላጊ የሆነ ግድያ እንኳ ቅጣት ሊባል አይገባውም፤ ያመጧት ሰዎች ዕዳ በንጹሕ ፍጡር ደም የተከፈለበት ሐዘን ነውና።

ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 1 ሰውን ገዢ ሲያደርገው፣ በምዕራፍ 2 ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ያኖረዋል፤ ለምለሙን ተክል ለአራዊትም መብል አድርጎ የሰጠው ያው መጽሐፍ ነው። ቅጠሉ ለፍየሏ የተፈቀደ ሲሆን፣ ልኩን የማወቅ ኃላፊነት የተጣለው በጠባቂው ላይ ነው። ይህ ልክ ደግሞ ከአዋጅ ብቻ አይገኝም፤ የትኛው ተዳፋት በየትኛው ወር ስንት መንጋ እንደሚችል የሚያውቀው በዚያው ያደገ እረኛ ነው፣ ይህ ዕውቀትም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው መንጋው ሲኖር ነው። ስለዚህ የ2018ቱ መሻር ፍየሏን ከክስ ቢያወጣትም፣ ለዐሥርተ ዓመታት መንጋቸው ለተቀነሰባቸው እረኞች የሚገባው የግጦሽ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን፣ በተራራው አያያዝ ላይ አብሮ የመወሰን ድርሻም ነው።