ብቻዬን ሐይቅ ዳር፦ ዕረፍት ወይስ ሽሽት?

ወዳጄ፣ አንድ ጥያቄ ላንሣልህ። በመጪው ቅዳሜ ከማንም ጋር ሳትቀጣጠር ብቻህን ተነሥተህ ቢሾፍቱ ብትወርድና ሐይቅ ዳር ተቀምጠህ ብትውል፣ ጥፋት ነው? «ኧረ ምን ጥፋት አለው?» ትል ይሆናል። ታዲያ እናትህ «ከማን ጋር ነው የምትሄደው?» ስትልህ «ብቻዬን» ለማለት አፍህ ለምን ይያዛል? የመዘምራን መሪህ ለምን ልምምድ እንደምትቀር ሲጠይቅህስ፣ «ደክሞኛል፤ ዐርፌ ልመለስ» ከማለት ይልቅ «አሞኛል» ብሎ መዋሸት ለምን ይቀልሃል? እህቴ፣ ጥያቄው ለአንቺም ነው፤ እንዲያውም ባንቺ ላይ ይብሳል።

አፋችንን የሚይዙን ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው አስተዳደጋችን ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ያደገ ሰው ብቻውን ለመዋል ያፍራል። ቡና እንኳ ጎረቤት ተጠርቶ ነው የሚጠጣው። ይህ መልካም ውርስ ነው፤ እግዚአብሔርም ሰው ብቻውን መሆኑ መልካም እንዳልሆነ ተናግሯል (ዘፍጥረት 2፥18)። ሁለተኛው አገልግሎታችን ነው። በሳምንቱ መካከል የጸሎት ፕሮግራም፣ ቅዳሜ ልምምድ፣ እሑድ ሙሉ ቀን። «ለጌታ ነው» ስለምንል ደክሞኛል ማለት ከመንፈስ መቀዝቀዝ ይቆጠርብናል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። አባትህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳያርፍ ሲሠራ እያየህ፣ አንተ ሐይቅ ዳር ልትዝናና ነው? ይህን የሚጠይቅህ ሰው ባይኖር እንኳ ኅሊናህ ይጠይቅሃል።

ሦስቱንም አቅልለን አንያቸው። ነገር ግን ጌታችን ራሱ በሐይቅ ላይ ምን እንዳደረገ እንመልከት።

የዘገየ እንጂ ያልተሰረዘ ዕረፍት

መጽሐፍ ቅዱሳችን የገሊላ ባሕር የሚለው በእውነቱ ሐይቅ ነው። ውኃው ጨው የለበትም፤ ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ጠለል በታች 210 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። አንድ ቀን ሐዋርያት ከተላኩበት ተመልሰው በዚህ ሐይቅ አጠገብ ከኢየሱስ ጋር ተገናኙ። የመጥምቁ ዮሐንስ መገደል ገና ትኩስ ኀዘን ነበር። የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ብዙ ስለነበር ምግብ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጡ። ኢየሱስ «በርቱ፣ ታገሡ» አላላቸውም። ሰው ወደሌለበት ስፍራ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው፤ በጀልባም ሄዱ (ማርቆስ 6፥30–46)። ልብ በል፤ የዕረፍቱ ሐሳብ የመጣው ከሰነፍ ደቀ መዝሙር ሳይሆን ከራሱ ከጌታ ነው።

ሲደርሱ ግን ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀድሟቸው ነበር። ኢየሱስም አዘነላቸው፤ አስተማራቸው፤ ከሴቶችና ከልጆች ሌላ አምስት ሺህ ወንዶችን መገበ። ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እናቆምና «አየህ፣ አገልግሎት ከዕረፍት ይቀድማል» እንላለን። ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብለህ አንብብ። ደቀ መዛሙርቱን በጀልባ አሳፍሮ ላከ፤ ሕዝቡን አሰናበተ፤ ከዚያም ብቻውን ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። ዕረፍቱ ዘገየ እንጂ አልተሰረዘም። በገሊላ የታመመ ሁሉ ድኖ፣ የተራበ ሁሉ ጠግቦ እስኪያልቅ ቢጠብቅ ኖሮ፣ ያ ተራራ በጭራሽ አይወጣም ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። እውነተኛ ችግር ቀንህን ሊያዘገየው ይችላል፤ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤት ለቅሶ ከሆነ ሐይቁ አይሸሽም፣ ለቅሶ ድረስ። የዘገየው ቀን ግን ሌላ ቀን ይቆረጥለት። «ሥራው ሲያልቅ ዐርፋለሁ» የሚል ሰው፣ ሳያውቀው፣ ቤተ ክርስቲያኗን ያቆማት እሱ እንደሆነ አምኗል። ዕረፍት፣ ቤቱን የሚጠብቀው ሌላ መሆኑን በተግባር መመስከር ነው።

ሁለት ሰዎች ጀልባ ላይ ተኝተው

ይህ ማለት ግን ሄዶ መቀመጥ ሁሉ ዕረፍት ነው ማለት አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ማዕበል መካከል በጀልባ ላይ ተኝተው ስለተገኙ ሁለት ሰዎች ይነግረናል። አንዱ ዮናስ ነው፤ ሌላው ጌታ ኢየሱስ (ዮናስ 1፤ ማርቆስ 4፥35–41)። ማዕበሉ ተመሳሳይ፣ እንቅልፉም ተመሳሳይ፤ ሁለቱንም ሌሎች ናቸው የቀሰቀሷቸው። ሆኖም ዮናስ የተኛው ከተላከበት እየሸሸ ነው፤ ኢየሱስ የተኛው ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ ደክሞት፣ ወደሚቀጥለው ሥራ እየተሻገረ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱ ያለው ጀልባው በሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

አንተስ የቱ ነህ? ራስህን በአንድ ጥያቄ ፈትሽ፦ የት እንደምሄድና ለምን እንደምሄድ ለሚመለከታቸው ሰዎች በግልጽ መናገር እችላለሁ? ከተጣላኸው ጓደኛህ ላለመታረቅ፣ የተበደርከውን ላለመመለስ፣ የወደቅህበትን ፈተና ውጤት ለቤተሰብ ላለመንገር ከሆነ የምትሄደው፣ ሐይቁ ለአንተ የተርሴስ መርከብ ነው። ከሄድክ ግን መመለስን አስበህ፣ ለአንድ ሰው ነግረህ ሂድ።

ኤልያስንም እናስታውስ። አገልጋዩን ቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ሄደ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንዲሞት ለመነ። እግዚአብሔር በመጀመሪያ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ አስተኛው፤ በኋላም መልሶ ወደ ሥራው ላከው፣ ኤልሳዕንም ሰጠው (1ኛ ነገሥት 19)። እዚህ ላይ ጥንቃቄ እንፈልጋለን። ልብህ እንደ ኤልያስ «መሞት ይሻለኛል» ወደማለት ከደረሰ፣ ብቻህን ሐይቅ ዳር አትሂድ። ለምታምነው ሰው ዛሬውኑ ንገር፤ ወደ ሐኪም ሂድ። ኤልያስንም በዚያ ሰዓት የነካው፣ ያበላውና ያጠጣው ነበር።

ሐይቁ ዳር የሚጠብቅህ

የአዲስ አበባ ልጅ ከሆንክ ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ፤ እነዚህ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። ከላይ ሲታዩ ጸጥ ያሉ ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ግን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ብዙውን ጊዜ የላይኛውና የታችኛው ውኃ አይደባለቅም፤ ፀሐይ ያሞቀው ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀዝቃዛውና ኦክስጅን ያጣው ከታች ይቀራል። ሌሊቱ ሲበርድና ነፋስ ሲነሣ ግን የላዩም ቀዝቅዞ ወደ ታች ይወርድና ከሥር ያለው ይወጣል። እንዲህ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ዓሣዎች ሞተው ዳር ላይ ይታያሉ።

ይህን የምነግርህ ለምን መሰለህ? ብቻህን ስትቀመጥ መጀመሪያ የሚመጣው ሰላም ላይሆን ስለሚችል ነው። ጫጫታው ከላይ ሲያሞቅህ የከረመው ነገር ሲበርድ፣ ከሥር የተኛው ይነሣል፤ ይቅር ያላልከው ሰው፣ በጓደኛህ ሥራ ማግኘት የተሰማህ ቅናት፣ ያላለቀስከው ለቅሶ። በዚህን ጊዜ እጅህ ወደ ስልክህ ይሄዳል። ተወው። ቀኑ አልተበላሸም፤ ገና መጀመሩ ነው። ከመዝሙረ ዳዊት ብዙዎቹ የተጻፉት በእንዲህ ያለ ሰዓት ለሚጸልይ ሰው ነው። ሐይቁ የሚነግረው የለውም፤ አንተ ግን አለህ።

ሸክምህን ማን ተሸከመው?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመለስ። አንተ ሐይቅ ዳር ስትውል ሱቁን ማን ከፈተ? ታናሽ ወንድምህን ማን ጠበቀ? ምሳውን ማን ሠራ? በብዙዎቻችን ቤት መልሱ እናት፣ እህት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት።

የሰንበት ትእዛዝ በዘዳግም 5፥14–15 ሲነገር ወንድና ሴት አገልጋይ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ያዝዛል፤ በሬውንና አህያውን ሳይቀር ይጠራል። ምክንያቱም ተጽፏል፦ እስራኤል ራሱ በግብፅ ባሪያ ስለነበረ። ስለዚህ በሌላው ጀርባ ላይ የተደላደለ ዕረፍት የእግዚአብሔር ሥርዓት አይደለም፤ የፈርዖን ነው። ፈርዖንም ያርፍ ነበር፤ ጡብ የሚሠሩለት ነበሩና።

ታዲያ ምን እናድርግ? አባትህ ስላላረፈ አንተም አትረፍ ማለት መልስ አይሆንም፤ እንዲህ ከሆነ ቤቱ ሁሉ ይደክማል። መልሱ ዕረፍቱን ማካፈል ነው። ከመሄድህ በፊት ድርሻህን ጨርስ። ስትመለስ ደግሞ እህትህን «የሚቀጥለው ቅዳሜ ያንቺ ነው፤ ወጥ ቤቱን ለእኔ ተዪው» በላት። አባትህን «ሱቁን ዛሬ እኔ እውላለሁ» በለው። በቤታችሁ የምትሠራው ልጅ የራሷ ቀን አላት? ከሌላት፣ ይህን ጉዳይ በቤተሰብ መካከል ማንሣት አንድ ቀን ከመጾም ያላነሰ መንፈሳዊ ሥራ ነው።

ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ሎጅ መግባት አያስፈልግህም፤ ዳቦ፣ ውኃ፣ መጽሐፍ ቅዱስና ደብተር ይበቃል። የእነዚህ ሐይቆች ዳር ወዲያው ገደል ስለሆነ ብቻህን አትዋኝ። እህቴ፣ ብቻሽን መቀመጥ የሚያሰጋሽ ከሆነ ከጓደኛሽ ጋር ሂጂ፤ እየተያያችሁ ተራርቃችሁ ተቀመጡ፣ ለምሳ ተገናኙ። የሐዋሳና የባሕር ዳር ልጆች ሐይቁ በደጃችሁ ነው። ሐይቅ የሌለበት አገር ያለህ ደግሞ አትዘን፤ ውኃው በራሱ ቅዱስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥግ ያለ ዛፍም ይሆናል።

ጥሩ ዕረፍት መሆኑን የምታውቀው ማታ ነው። በዚያ በገሊላ ቀን ደቀ መዛሙርቱ ሕዝቡን አይተው «አሰናብታቸው» አሉ፤ ጌታ ግን እረኛ እንደሌላቸው በጎች አያቸው። ሕዝቡ አንድ ነው፤ ዓይኑ ነው የተለየው። በር ከፍተህ ስትገባ በቤትህ ያሉትን የምታየው በየትኛው ዓይን ነው? ትናንት የሰለቹህን ሰዎች ዛሬ ካዘንክላቸው፣ ዐርፈሃል። ስለዚህ ቀን ቁረጥ፤ ለአንድ ሰው ንገር፤ ስትመለስም ቀጣዩ ቀን የማን እንደሆነ አስብ።