ምች የመታው ድንች ኪሳራው የማን ነው?

ገበሬው ሳይዘራ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ምን እየገዛ ነው? ጥያቄውን ያነሱት ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ የምንኖር ጥቂት ጎረቤቶች፣ ሐዌላ ቱላ ላይ አትክልት ለሚያመርቱ አንዲት እናት የክረምቱን ወጪ አስቀድመን ልንሰጥ፣ እሳቸውም በየቅዳሜው የደረሰውን በባጃጅ ሊልኩልን ተስማምተን ነበር። እኛ በዋጋው ስንከራከር ሐጂ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና ውሉ ራሱ ልክ አይደለም አሉ።

ነገራቸው እንዲህ ነው። ነቢዩ መሐመድ መዲና ሲገቡ የከተማው ሰው ለፍሬ ከአንድና ከሁለት ዓመት በፊት ይከፍል ነበር። ስፍሩ፣ ሚዛኑና ቀኑ ተለይቶ ይታወቅ አሉ እንጂ ልማዱን አልከለከሉም። ያልበሰለን ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ መሸጥን ግን ከለከሉ፤ ፈጣሪ ፍሬውን ቢያስቀረው ሻጩ የወንድሙን ገንዘብ የሚበላበት መብት የለውምና። «እናንተ ሚዛኑንም አታውቁት፣ ፍሬውም ገና የለ። ገዢ ከምትሆኑ ሸሪክ ሁኑ» አሉን። በእስልምናው የሽርክና ሕግ ሥራው ሳይሳካ ቢቀር፣ ሠራተኛው ቸል እስካላለ ድረስ፣ ባለገንዘቡ ገንዘቡን ያጣል፤ ሠራተኛው ድካሙን።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በቅዳሴያችን ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ ይለመናል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከሕዝቡ ጋር ተሰጥኦውን እመልሳለሁ። ግን የከተማ ሰው ከዝናቡ ጋር ምን አለው? ቲማቲም ሲወደድ ያለ ቲማቲም ይሠራል፤ ጎመን ሲጠፋ ምስር ይከካል። የሚያስፈራው የገበያው ዋጋ እንጂ ሰማዩ አይደለም። እንዲህ ያለው ጸሎት ከንቱ ነው አልልም፤ ነገር ግን አደጋውን ሁሉ ለገበሬው ትቶ በረከቱን አብሮ መለመን ለእኔ ጎዶሎ ነው። የሐጂን ሐሳብ የተቀበልኩትም ለዚህ ነው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሌት ተቀን አላባራ አለ። ድንቹን ምች መታው። ቱላ ወርደን አየነው፤ ቅጠሉ ከጠርዙ እየጠቆረ፣ ሲገለብጡት በስሩ እንደ ዱቄት ነጭ ሻጋታ ይዞ፣ ማሳው የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። ሴትየዋ አንዱን ግንድ ነቅለው አሳዩን፤ ከሥሩ የተንጠለጠሉት ድንቾች ከለውዝ አይበልጡም። ከገንዘቡ የተረፈውን ልመልስላችሁ አሉ።

ከመካከላችን አንዱ መመለሱን ፈለገ። የቤት ኪራይ አለበት፤ ልጆች ያስተምራል። ሊወቀስ አይገባም። ኪሳራ መካፈል መልካም ነው ተብሎ መሸከም የማይችለው ላይ ከተጫነ፣ ሌላ ግፍ ይሆናል። የእሱን ድርሻ ሌሎቻችን ተከፋፍለን ሰጠነው፤ የሴትየዋን ገንዘብ ግን አልነካንም። እሳቸው ቤተሰባቸውን የሚመግቡት ከጓሮ እንሰታቸው ነው። እንሰት ብዙ ዓመት መሬት ላይ ይቆያል፤ በቸገረ ጊዜ ተቆርጦ ይፋቃል፣ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል። ስለዚህ በድንቹ ውድቀት አልተራቡም። የሚያጡት ለቀጣዩ ዘርና ለማዳበሪያ የሚሆነውን ብር ነበር፤ ያንን ብናስመልስ ኖሮ አራጣ አበዳሪ ደጅ እንልካቸው ነበር።

ይህ ዓይነት ስምምነት ለእኛ አዲስ ቢመስልም በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የከተማ ቤተሰቦች ከገበሬዎች ጋር ጀምረውታል፤ በአሜሪካም በ1986 በማሳቹሴትስና በኒው ሃምፕሸር ሁለት እርሻዎች ይዘውት ተነሱ። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቅርቤ ያለው ነው። ከሰፈራችን በላይ የቆመው ተራራ ታቦር ይባላል። ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር ሙልሙል የሚታደለው ለምን እንደሆነ አባቶች ሲያስተምሩ፣ ክርስቶስ ብርሃኑን በገለጠበት በጥንቱ የታቦር ተራራ ላይ በበራው ብርሃን መሽቶባቸው መምሸቱን ላላወቁ እረኞች ቤተሰቦቻቸው ዳቦ ይዘው መውጣታቸውን ይነግሩናል። ስለ ብርሃኑ ብዙ እንሰብካለን። ዳቦው ከቤት ወደ መስክ፣ ወደሚደክመው ሰው መሄዱን ግን እምብዛም አናነሳም። ወሩም ነሐሴ ነው፤ ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ ያልደረሰበት።

አሁን ለበልጉ ውሉን በሐጂ ሐሳብ መሠረት እየጻፍነው ነው። ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ። ምርቱ ቢትረፈረፍና ዋጋው ቢወደድስ? ሐጂ ኪሳራ የተካፈለ ትርፍም ይካፈላል ይላሉ፤ ሽርክና ነውና። እኔ ከድርሻችን በላይ የመጣው ለሴትየዋ ይቅር ባይ ነኝ፤ እኛ ያጣነው ብር ነው፣ እሳቸው ግን አንድ ክረምት ሙሉ ጎንበስ ብለው ያረሙት ጉልበት ሄዷል።